የሌለ ጉበት

ከጣርማ በር ወዲህ ጉበት እንደኔ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም። ቢላዬን ሲያይ ፈርቶ ራሱ የሚቆረጥልኝ ጉበት ሞልቷል። ይህን ስል የሰማች አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ ሁዳዴ ገብቶ ሉካንዳዬን ዘግቼ የደብረ ብርሃንን ፀሐይ ስሞቅ መጣች።

«ጋሼ፣ እጅዎን ፈልጌ ነበር።»

«ሚስቴን አስፈቅጂ።»

መምህርቷ የሕክምና ተማሪ ማንንም ሳይገድል ቀዶ ጥገና የሚለማመድበት መሣሪያ ሠርታለች። መነጽሩን ሲያጠልቁት በሽተኛ ከፊት ተኝቶ ይታያል። ከጠረጴዛው ጋር የታሰረውን የብረት እጀታ ሲይዙት ደግሞ፣ የሌለው ሥጋ እጅን ይገፋል። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሁለት ፈታኞች «እውነት አይመስልም» ካሉ የዓመታት ድካሟ ገደል ገባ ማለት ነው።

አጠለቅሁ። በሽተኛው ወዲያው ሞተ። ደግማ አስነሳችልኝ፤ ደግሞ ሞተ።

«ኧረ ጋሼ ቀስ ይበሉ፣ ሰው እኮ ነው!»

«ጉበትሽ ጎማ ሆኖ ነዋ! ጉበት ሲጫኑት እሺ ይላል፣ ሲለቁት እያቅማማ ይመለሳል። ያንቺው እንደ ኳስ ይነጥራል።»

ሳምንቱን ሙሉ እሷ ኮምፒዩተሯ ላይ ቁጥር ስትቀያይር፣ እኔ እየነካሁ «ደረቀ»፣ «ላላ»፣ «ይሄ ደግሞ የታመመ በግ ነው» ስል ሰነበትን።

የፈተናው ቀን ፈታኞቹ ተራ በተራ ሞከሩት። ፊታቸው አልፈታ አለ።

«ለስላሳ ነገር ነው፤ ጉበት ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» አለ አንደኛው።

የመምህርቷ ፊት አመድ መሰለ። «እስቲ ጋሼ ያሳዩዋችሁ» አለች በቀጭን ድምፅ።

መነጽሩን አጥልቄ ቆረጥሁ። እንዴት እሺ አለኝ መሰላችሁ! ጠርዙን ሸረፍ አድርጌ አነሳሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሠራው እጄ ነው፤ ሉካንዳ ቤት የመጀመሪያዋ ቁራጭ ሁልጊዜ የባለቤቱ ናት። እጀታውን እንደያዘ ወደ አፌ መጣ፤ አፌን ከፈትሁ። እጀታው የታሰረ ነውና ጠረጴዛው እየተንገጫገጨ ተከተለኝ።

«ጋሼ! ጾም ነው!» ብላ ጮኸች መምህርቷ።

አንደኛው ፈታኝ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ባለሉካንዳው ካመነ እኛ ማን ነን የምንጠራጠረው?» ብሎ ፈረመላት።

ሰዉ ሁሉ ልጅቷን ለማሳለፍ ሆን ብዬ ያደረግሁት ይመስለዋል፤ እኔም አላስተባበልሁም። ሆን ብዬ አልነበረም። የፊት ጥርሴም የተሸረፈው እንደማወራው አጥንት ስግጥ አይደለም። በሁዳዴ፣ በሰው ፊት፣ የሌለ ጉበት ልበላ ስል ብረት ነክሼ ነው።