እማዬና የሃዋዩ «ሱፐርፉድ»

ዛሬ እስከ ወገቡ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሆኖ «ድረሱልኝ!» እያለ የጮኸው ሰውዬ እኔ ነኝ። ቪዲዮውን የለጠፋችሁ አውርዱልኝ።

ሃዋይ ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባዬ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለው ቤቱ እኔንና እማዬን ጋብዞን ነው። ባሕሩ ወደ ውስጥ የገባበት ቦታ ስለሆነ ማዕበል የሚባል ነገር የለም። ሕፃናት ፓድል ቦርድ በሚሉት፣ በመቅዘፊያ በሚነዳ ሰሌዳ ላይ ቆመው ይንሸራሸራሉ። እኔ ላዩ ላይ ሦስት ሰከንድም ሳልቆይ ወደቅኩ።

እማዬ ድሮም አሳማ አትበላም፤ አሁን ደግሞ ፍልሰታን እየጾመች ስለሆነ፣ ባልደረባዬ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ያበሰለው አሳማ አይመለከታትም። እንዳይርባት ብዬ ሽሮ በኩለር፣ በማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ይዤላት ሄጃለሁ። አሳቢ ልጅ ነኝ።

ባልደረባዬ ሐምራዊ ገንፎ የሚመስል ነገር፣ ከተሠራበት የተቀቀለ ሥር ጋር አቀረበ። እኔም ፎቶ አንስቼ፣ በጣቴ እየዛቅኩ ለእማዬ ማስረዳት ጀመርኩ። «ፖይ ይባላል። ሱፐርፉድ ነው። ግሉተን የለውም።»

እማዬ ከቅቅሉ ቆርሳ ቀመሰች።

«ይሄማ ጎደሬ ነው» አለች።

 በልጅነቴ ሚዛን ተፈሪ ሳለን ጎደሬ ቀቅላ ስታቀርብልኝ፣ ሰሃኑን ገፍቼ የማለቅሰው እኔ ነበርኩ።

ፖዩን ሁለተኛ ሰሃን ስሞላ አየችኝና ሳቀች። «አይ ልጄ፣ ያኔ ጎደሬዬን የማቀርብበት ባሕር አልነበረኝማ!»

ሽሮው ሳይከፈት ወደ ቤታችን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ተመልሷል።

እናንተስ እናታችሁ ስትሰጣችሁ እምቢ ብላችሁ፣ እዚህ አገር መጥታችሁ ስሙ ሲቀየር የወደዳችሁት ምግብ ምንድን ነው? ኮመንት ላይ ተናዘዙ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ እያስነበበችኝ ነው።