እናቴ አልረሳችም

አሁን የምጽፈውን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለእህቴም አልነገርኳትም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር እንኳ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬዋለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ ሰዎች፣ እናገረዋለሁ። ጤነኛዋን እናቴን በሽተኛ ያስባልኳት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

እናቴ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ውስጥ፣ እኛ ያለንበት ሕንፃ ላይ፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ ብቻዋን ትኖር ነበር። ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። ጉልበቷን ያማታል እንጂ አእምሮዋ ምንም አልነበረውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በባስ ሄዳ፣ ሰብዌይ ባቡር ቀይራ ብሉር መንገድ ትወርድና ከሐበሻ ሱቆች በርበሬዋን፣ ሽሮዋን ገዝታ ትመለሳለች። የእኔን የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሳይቀር የምታስታውሰኝ እሷ ነበረች።

ያን ዓመት ሚስቴ ሰናይት ርካሽ ቲኬት አገኘችና ለአምስት ቀን ሮም ሄድን። እኔ፣ ሰናይት፣ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችው ልጃችን ሜላት፣ እና እናቴ። እናቴ ከሮም የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቅዱስ ጴጥሮስን መቃብር ተሳልማ መመለስ። እሱን ለአራተኛው ቀን ያዝንላት።

በሁለተኛው ቀን ኮሎሲየም ለመግባት ሰናይት ለረፋዱ አምስት ሰዓት ቡክ አድርጋ ነበር። ሐምሌ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እናቴ አሥር እርምጃ ትሄድና ትቆማለች፤ ጉልበቷን ታሻሻለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ሰዓቱ ሊያልፍብን ሆነ። ተናደድኩ። በማን ነበር የተናደድኩት? በአሮጊት ጉልበት ላይ!

ሰናይትና ሜላት ሰልፍ እንዲይዙ ላክኋቸውና እናቴን ከመንገዱ ማዶ፣ ዛፍ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት።

«እማዬ፣ እዚህ ጥላው ውስጥ ቁጭ በይ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።»

«ውሃውስ?»

«ሜላት ይዛዋለች። አሁን እንመጣለን እኮ! ቦርሳሽን ስጪኝ፤ እዚህ ሌባ ይበዛል።»

ትንሿን ቦርሳዋን ሰጠችኝ። ስልኳ፣ የሆቴሉ አድራሻና የጸሎት መጽሐፏ ውስጡ ነበሩ። የጀርባ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። «እንዳትቆዩ እንግዲህ» አለችኝ። ዞሬም አላየኋት።

ለሰናይት «ራሷ ናት ማረፍ ይሻለኛል ያለችው» አልኳት። ይህ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ውስጥ ቆየን። ስንወጣ ያው ቲኬት ከኮሎሲየሙ ጎን ያለውን የፍርስራሽ ኮረብታም እንደሚያስገባ ነገሩን። ሰናይት «እማማ ብቻቸውን አይጨነቁም?» አለችኝ።

«አሁን ኮል አድርጌላት ነበር። ደህና ነኝ፣ ተዝናኑ አለችኝ» አልኳት።

ለማን ነበር ኮል ያደረግኩት? የእናቴ ስልክ እኔው ጀርባ ላይ ነበር! ለምን ዋሸሁ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ክፋት አስቤ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ለጥቂት ሰዓት የማንም ልጅ ሳልሆን መዝናናት ፈልጌ ነው፤ በቃ። ኮረብታው ላይ ወጣን፣ ፎቶ ተነሳን፣ አይስክሬም በላን። ሳቅሁ። በፎቶዎቹ ላይ ስስቅ ይታያል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖን ተመለስን። ጥላው ዞሯል። ድንጋዩን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። እናቴ የለችም።

ሰናይት መሀል አስፋልት ገብታ «እማማ! እማማ!» እያለች ስትጮህ፣ ሜላት ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። ሰናይት ልትደውልላት ስልኳን ስታወጣ፣ የእናቴን ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ቀድሜ አጠፋሁት። ፖሊስ ለመንን፣ ፎቶዋን እያሳየን ሰው ጠየቅን። ከአራት ሰዓት ፍለጋ በኋላ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ስሟን የማያውቁት አንዲት ጥቁር አሮጊት እንዳለች ተነገረን። ውሃ ጠምቷት ተነስታ፣ ራሷን አዙሯት ደረጃ ላይ ወድቃ ነበር። ክንዷ ተሰብሯል። ወረቀት የላት፣ ስልክ የላት፣ ቋንቋ የላት።

ታክሲው ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያደርሰን «እናንተ ግቡ፣ እኔ ሒሳቡን ልክፈል» አልኳቸው። እነሱ ከገቡ በኋላ የእናቴን ቦርሳ ከጀርባ ቦርሳዬ አውጥቼ በሩ አጠገብ የነበረ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። ከነጸሎት መጽሐፏ። ያንን ያደረገው ይኸው የምጽፍበት እጅ ነው!

ውስጥ ነርሷ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ እንዴት ብቻዋን፣ ያለምንም መታወቂያ ተተወች?

«የመርሳት ችግር አለባት» አልኳት። «እንዳትንቀሳቀስ ነግረናት ነበር። ቦርሳዋንም የሆነ ቦታ ጥላዋለች።»

ቃሉ ከአፌ እንዴት እንዲያ ሳይደናቀፍ እንደወጣ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ሰናይት ዞር ብላ አየችኝ።

«ዳኒ፣ ከመቼ ጀምሮ?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

እናቴ አልጋው ላይ ሆና ትሰማ ነበር። እንግሊዝኛ ብዙ ባትችልም የነገሩ አካሄድ ገብቷታል። ሜላት ያልተሰበረውን እጇን ይዛ «አያቴ፣ ቦርሳሽን የት አደረግሽው?» አለቻት። እናቴ እኔን አየችኝ። አሁን ጉዴ ፈላ አልኩ። አሁን ልትናገር ነው።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች። «ረሳሁት።»

መጥፋቷን ሳውቅ እንኳ የዚህን ያህል አልደነገጥኩም። ሸፈነችልኝ። እኔም እግሯ ላይ በመውደቅ ፈንታ አንገቴን አቀርቅሬ እፎይ አልኩ! የጴጥሮስን መቃብር ሳትሳለም ወደ ቶሮንቶ ተመለስን።

ሰናይት ለእህቴ ለአልማዝ ነገረቻት። አልማዝ እናቷን ስለምትወድ ፈራች። የእናቴን አፓርታማ አስለቅቃ ሬክስዴል ሰፈር ወዳለው ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። ባስ መሳፈር ተከለከለች፤ ምድጃ መለኮስ ተከለከለች። የሐኪሙ ምርመራ ይህ ነው የሚባል ነገር አላሳየም፤ ግን አልማዝ የሮሙን ታሪክ ስትነግረው ጻፈው። ከዚያ ወዲያ መነጽር ብታጣ «እማዬ ረሳች» ሆነ፤ ስም ብትሳሳት «እማዬ ጀመራት» ሆነ።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን በመኪና ስመልሳት ለብቻችን ነበርን።

«ዳኒዬ፣ ሮም ላይ ያልኩትን አልቀይርም» አለችኝ። «ትዳርህ ውስጥ ነገር አልጨምርም። ግን ተው፣ ታፍኛለሁ። ለአልማዝ አንድ ነገር በላት፤ ቤቴ ልግባ።»

«እሺ እማዬ፣ አነጋግራታለሁ» አልኳት።

አላነጋገርኳትም። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት እስካሁን ዝም እል ነበር። ባለፈው ክረምት አልማዝ ቤት ምሳ እየበላን ሳለ እናቴ ሳህኗን ገፋ አደረገች።

«ሆዴን ያመኛል። ባለፈው እሁድም ነግሬያችኋለሁ።»

«እማዬ፣ አልነገርሽንም» አለች አልማዝ በለሰለሰ ድምፅ። «ተቀላቅሎብሽ ነው። አይደል ዳኒ?»

እናቴ ባለፈው እሁድ ተናግራለች። እዚያው ወንበር ላይ ሆና፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ያቺ ሴት ምንም እንዳልረሳች የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን የእሁዱን በትክክል ካስታወሰች፣ የሮሙንስ? ያ ነው ያስፈራኝ።

«አዎ፣ ተቀላቅሎባት ነው» አልኩ።

እናቴ ሳህኗን መልሳ ሳበችና መብላት ጀመረች።

ከሁለት ወር በኋላ በአምቡላንስ ተወሰደች። በሽታው ሆዷን ጨርሶት ነበር። ሐኪሙ «ይህ ሁሉ ጊዜ ሲያማት ምንም አልተናገረችም?» ብሎ ጠየቀ። አልማዝ እያለቀሰች «አእምሮዋ ደክሞ ስለነበር አላወቅንም» አለችው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። እዚያም ዝም አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? በሦስተኛው ሳምንት እናቴ አረፈች።

እህቴ ዛሬም ለቀስተኛውን ሁሉ «ሮም ላይ የጀመራት በሽታ ነው» ትላለች። በሌሊት እየተነሳች «ምነው በሰማኋት» እንደምትል ባሏ ነግሮኛል። የእኔን ዕዳ እሷ ተሸክማዋለች።

ስለዚህ ይህን ወረቀት እሁድ ይዤላት እሄዳለሁ። አልማዝ፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም። እናታችን የነገረችሽ ሁሉ እውነት ነበር። ስለ ቤቷም፣ ስለ ሆዷም፣ ስለ ሁሉም። ውሸት የተናገረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ለእኔ ብላ ነው።

በእጇ እሰጣታለሁ። አንብባ እስክትጨርስ ፊቷ እቆማለሁ፤ ይቅር በይኝ ግን አልላትም። ይቅር ልትለኝ የምትችለውን ቀብሬያታለሁ።