አኖን አልፈን ያየነው ፊልም

ባለፈው ሳምንት የሥነ ጽሑፍ መግቢያ መምህራችን የክፍሉን መጋረጃ አስዘግተው በፕሮጀክተር አንድ ያረጀ የጠፈር ጀብዱ ፊልም አሳዩን። ሊያስተምሩን የፈለጉት ስለ ትልም፣ ማለትም አንድ ታሪክ ከምን ተነስቶ በምን በኩል የት እንደሚደርስ ነበር። «ፊልሙ ቀሽም ነው» አሉ። «ቀሽም ስለሆነ ግን አጥንቱ ይታያል። ግጭቱ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚጦዝ፣ የት እንደሚቋጭ እያያችሁ ጻፉ።»

እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሚባለው ነገር እንዳያመልጠኝ ሁልጊዜ ከፊት ነው የምቀመጠው፤ ያን ቀንም እስክሪብቶዬን ይዤ ስጠብቅ ነበር። ከዚያ የብር ቀለም ቦት ጫማ ያደረገ ሰው ከካርቶን የተሠራ ከሚመስል መንኮራኩር ሲወርድ አየሁና እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ሰውየውን አውቀዋለሁ። የተዋወቅነው ከነቀምቴ ወደ አኖ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴና እህቱ አዳዳ ጫልቱ ከተኳረፉ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። አዳዳ የምንለው የአባት እህትን ነው። የጠባቸው ምክንያት የማንጎ ዛፍ ነበር። አያቴ በሕይወት ሳለች ነቀምቴ ቤታችን ጓሮ የተከለችውን ማንጎ አባቴ ሥሩ የቤቱን መሠረት እየገፋ ነው ብሎ ቆረጠው። እህቱን አልጠየቃትም። አዳዳ እኛን ለመጠየቅ ከአኖ መጥታ ጉቶውን ስታይ ቤት እንኳ ሳትገባ «እናቴን ሁለተኛ ቀበርካት» ብላው ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ትምህርት ሲዘጋ እሷ ዘንድ መሄዴ ቀረ። ለእኔ ጠቡ ማለት ይኼ ነበር። ማንጎ በልቶ በማንጎ ፍሬ ኳስ መጫወት፣ በሱቋ ደጃፍ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ማየት፣ ሁሉም ቀረ።

በመጨረሻ የአኖ ሽማግሌዎች ገቡበት። ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በአዳዳ ቤት ለጃርሱማ፣ ማለትም ለሽምግልና ቀጠሩን። ሽማግሌ ቀጥሮት የቀረ ሰው እንደ ናቃቸው ነው የሚቆጠረው፤ ሁለተኛ አይቀመጡለትም። ይህን አባቴም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

መናኸሪያ የደረስነው ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ሳይደርቅ ነበር። አባቴ በማዳበሪያ ከረጢት የተተከለች የማንጎ ችግኝ ይዟል። ረዳቱ አያትና «ኦቦ፣ ዛፉን ፖርቶመጋላ ላይ እንጫነው» አለው።

«ይሄ ዛፍ አይደለም፤ ሽማግሌ ነው። ከእኔ ጋር ይቀመጣል።»

«እንግዲያው ትኬት ይቁረጥ!» አለ ረዳቱ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። ችግኟን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ቅጠሏን ከሰው ትከሻ ይከላከል ጀመር።

አውቶቡሱ ከከተማ እንደወጣ ከሾፌሩ በላይ ያለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ተከፈተች። በዚያ አውቶቡስ ፊልም ከመጀመሪያው አይጀምርም። ትናንት መናኸሪያ ሲገቡ ከቆመበት ነው የሚቀጥለው። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ደግሞ በስክሪኑ ግርጌ የተደረደረው የፕላስቲክ አበባ ጋርዶታል። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ስለምን እንደሚጮኹ ማንም አያውቅም። መንኮራኩሩ የተንጠለጠለበት ገመድ ይታያል። ከዋክብቱ ጥቁር ጨርቅ ላይ የተሰፉ ቁልፎች ይመስሉ ነበር። ባለ ብር ጫማው ካፒቴን አንዲት ሌላ መንኮራኩር ከምትነዳ ሴት ጋር በሬዲዮ ይጨቃጨቃል።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ፊልም አያይም። እስከ ሲሬ ድረስ በመስኮት የበቆሎውን ቡቃያ ሲያይ ነበር። ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሲሬ ላይ አንዲት እናት ማንጎ የሞላ ቅርጫት ይዘው ገቡና ከኋላችን ተቀመጡ። ስክሪኑን አንድ ጊዜ አይተው የአባቴን ትከሻ መታ አደረጉ።

«ማል ተኤ?» አሉ። ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነው። በእኛ መንገድ ይህን የተጠየቀ ሰው መንገር አለበት።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እነዚህ ሁለቱ ወንድምና እህት ናቸው፤ ተጣልተዋል» አላቸው።

ደነገጥኩ። «አባዬ፣ በምን አወቅህ?»

«ጸጉራቸውን አታዪም? አንድ ዓይነት ነው። ደግሞ ጭቅጭቃቸውን ስሚ። ባዕድ እንዲህ አይጣላም።»

«ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» አሉ ሴትዮዋ። «እኔና ወንድሜም እንዲሁ ነን።»

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ የእሱ ሆነ። ከፊት ያሉት ዞር እያሉ፣ ከኋላ ያሉት አንገታቸውን እያሰገጉ እሱን ይጠይቁ ጀመር። ብዙም አልቆየ፣ ነጭ ካባ የለበሰ ባለ ረጅም ጢም ሽማግሌ ብቅ አለ። በአንድ እጁ በትር፣ በሌላው ጭብጥ ሙሉ እርጥብ ሣር ይዟል። አውቶቡሱ ጸጥ አለ። በእኛ ዘንድ ሣር የያዘ እጅ የእርቅ እጅ ነው፤ ሣር ይዞ የመጣን ሽማግሌ ማንም አይነካም።

«ይኸው!» አለ አባቴ። «ጃርሳው መጣ። ሊያስታርቃቸው ነው።»

ካፒቴኑ ባትሪ የሚመስል መሣሪያ አነሳና ተኮሰበት። ሽማግሌው ቀይ ጭስ ሆኖ ጠፋ።

እንደዚያ ዓይነት ጫጫታ አውቶቡስ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። «ዋዮ! ሣር ይዞ እያለ!» ብለው ሴትዮዋ ጮኹ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰና በመስታወቱ አየን። «ማን ሞተ?»

«ሽማግሌው!»

«የትኛው ወንበር ላይ ያለው?»

ሳቁ ሳይበርድ የአኖ ቤቶች ታዩ። የአባቴ ስልክ ጮኸ። አወጣና አየው፤ ሳያነሳው ኪሱ ከተተው። ረዳቱ «አኖ ወራጅ!» ሲል አባቴ ከወንበሩ ግማሽ ያህል ተነሳ። የአዳዳ ሱቅ ያለበት መታጠፊያ በመስኮቴ በኩል ይታየኛል፤ እኔ ቦርሳዬን አንግቤ ነበር። ከዚያ አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እስከ ባኮ እንሂድ» አለ።

«አዳዳስ? ሽማግሌዎቹስ?»

«ታሪክ ሳያልቅ ተነስቶ መሄድ ደግ አይደለም።»

ረዳቱ መጣ። «ኦቦ፣ አኖ ነው አላላችሁም?»

«ሐሳባችንን ቀይረን ነው።»

«ዛፉስ?»

«እሱም ቀይሯል።»

መታጠፊያው ወደ ኋላ ሲቀር አየሁት። አባቴን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ቀን ትኩር ብዬ አይቼው አላውቅም። የያዘው የፊልሙ ጉጉት ነው ወይስ ፍርሃት? ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ጣቱ ግን የችግኟን አፈር ይጫን ነበር፤ ይጫንና ያለሰልሳል፣ እንደገና ይጫናል። እስከ ዛሬ መልሱን አልጠየቅኩትም።

ሁለቱ መንኮራኩሮች ለየብቻ እየበረሩ ነበር። አባቴ ወደ ኋላ ዞሮ ሴትዮዋን «አዴ፣ የሚታረቁ ይመስልዎታል?» አላቸው።

«ሽማግሌ የገደለን ማን ያስታርቀዋል?» አሉ ማንጎአቸውን እየላጡ። «ራሱ ሄዶ በሯን ያንኳኳ እንጂ! እግር የለውም?»

አባቴ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ባኮ መግቢያ ላይ፣ ሙቀቱ በመስኮት መግባት ሲጀምር፣ መንኮራኩሮቹ ሮዝ ቀለም የተቀባ አሸዋ ላይ አረፉ። ካፒቴኑና ሴትየዋ ወርደው እየሮጡ መጡ። አባቴ ከችግኟ በላይ ወደ ፊት አዘነበለ። «መጣ! እሱ ነው መጀመሪያ የሮጠው፣ አያችሁ?» ተቃቀፉ። አውቶቡሱ አጨበጨበ፤ ሴትዮዋ እልልታቸውን አቀለጡት።

ከዚያ ሁለቱ ከንፈር ለከንፈር ተሳሳሙ። ረጅም ነበር።

እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቴን ሸፈነ፤ ቀጥሎ ሐሳቡን ለውጦ የራሱን ፊት ሸፈነበት። ረዳቱ በሳቅ ሞተሩ ክዳን ላይ ተደፋ። ፊልሙም በዚያው አለቀ።

ባኮ ወርደን አንዲት ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀመጥን። አባቴ ለእኔ ሻይና ቦምቦሊኖ አዘዘልኝ፤ ለራሱ ምንም አላዘዘም። የችግኟ ቅጠል በሙቀቱ ዝሎ ነበር። አባቴ «ወንድምና እህት አልነበሩም ማለት ነው» አለ።

«አልነበሩም፣ አባዬ።»

ችግኟን አየ። «እንግዲያው የወንድምና የእህቱ ነገር ገና አልታየም።» ተነሳና ወደ አኖ የሚመለስ ሚኒባስ ይፈልግ ጀመር። ቦምቦሊኖዬን በእጄ ይዤ ተከተልኩት።

አዳዳ ቤት ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ሊሄዱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አዳዳ እጆቿን አጣምራ ከኋላቸው ቆማለች። ትልቁ ሽማግሌ «ኦቦ ቶለራ፣ ጠዋቱ የት ዋለ?» አሉት።

አባቴ መዋሸት አይችልበትም። «ባኮ።»

«ባኮ ምን አለ?»

«ፊልም እያየሁ አለፍኳችሁ።»

«ፊልም?» አለች አዳዳ። ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። «አንተ?»

አባቴ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ፣ ችግኟን አቅፎ፣ ከመጀመሪያው ተረከው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ተኮሳትረው ነበር። ሣሩ ላይ ሲደርስ ግን አንዱ «ሣር ይዞ እያለ?» አሉ። «ሣር ይዞ እያለ!» አለ አባቴ። «ኧረ ይሄ ምን ዓይነት አገር ነው! ከዚያስ?» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ፣ ከዚያ እያለ ሮዙ አሸዋ ድረስ ወሰዳቸውና ቆመ። ጫማውን ያይ ጀመር።

አዳዳ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ጨርሺው።»

«ተሳሳሙ፣ አዳዳ።»

የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መቆም አቅቷት ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንባው ከሳቁ በኋላም ትንሽ ቆየ። አባቴ ችግኟን እግሯ አጠገብ አስቀመጣት። «የእናታችን አይደለም» አላት። «ግን ማንጎ ነው።»

አዳዳ የዛለውን ቅጠል በጣቷ አነሳች። «ባኮ ድረስ ወስደህ አሰቃየኸው» አለች። «ውሃ አምጡለት።» ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አውልቀው ተመልሰው ተቀመጡ፤ የእርቁን ሣር ያነሱት ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት የዚያን ፊልም መጀመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ባለ ነጭ ካባው ሰው ክፉ ንጉሥ ነበር፤ ፊልሙ ሲጀምር አንድ ሙሉ ከተማ ያቃጥላል። በእጁ የያዘው ሣር የሚመስል ቅጠል መርዝ ነው። መምህራችን የትልሙን መስመር ስለን ጡዘቱን እንድናመለክት ሲያዙን የክፍሉ ልጆች ሁሉ ተኩሱ ላይ ምልክት አደረጉ። እኔም እንደነሱ አደረግኩ፤ ትክክል ነው ተባልኩ። ግን ወረቀቱን ከመለስኩ በኋላም ሐሳቡ አልተወኝም። መጀመሪያውን አይተን ቢሆን ኖሮ አባቴ ንጉሡ ሲሞት አጨብጭቦ፣ ታሪኩ አለቀ ብሎ፣ አኖ ላይ ይወርድ ነበር? ወርዶስ ያ ሁሉ ጭንቀት በሆዱ እያለ በሽማግሌ ፊት ምን ይናገር ነበር? ወይስ ፊልም ባይኖርም ሌላ ሰበብ ፈልጎ ያልፍ ነበር? አላውቅም። ለዚህ በወረቀቱ ላይ የሳልኩት መስመር ቦታ የለውም።

ከክፍል እንደወጣሁ ደወልኩለት። ያቺ ችግኝ አድጋ የአዳዳን አጥር አልፋ ፍሬ ይዛ ስለነበር እሱም አኖ ነበር፤ ከኋላው ድምጿ ይሰማል።

«አባዬ፣ ያ ሣር የያዘው ሽማግሌ ትዝ ይልሃል? ለካስ ክፉ ሰው ነው። ሣሩም ሣር አይደለም፤ መርዝ ነው።»

ለአዳዳ ሲነግራት፣ እሷም «ምን?» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

«ይሁን» አለኝ። «እኛ ያየነው ግን ሣር ነው።»