ከአጥሩ ማዶ የተነሣ ድምፅ

የልጅ ልጄ ማህሌት ከትምህርት ቤት ገብታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «እማማ፣ የሚኒስትሪ ፈተናው ቀን ተቆረጠ» ብላ የነገረችኝ ዕለት ጎረቤታችን በጓሮዋ በርበሬ እየወቀጠች ነበር። ልጅቱ ሆዷን ይዛ ደፉ ላይ ቁጭ ስትል፣ እኔ ያንን ዱም ዱም የሚል የሙቀጫ ድምፅ እያዳመጥኩ፣ የድሬዳዋን ሙቀት ረስቼ፣ ኮልፌ እናቴ ደጃፍ ላይ በጠላት ዘመን ተመልሼ ተቀመጥኩ። የዚያን ጊዜው ፍርሃትም አብሮኝ ተቀመጠ። ወይ ጉድ፣ ይህ ፍርሃት ይህን ሁሉ ዘመን የት ተደብቆ ኖረ ብዬ አማተብኩ።

ያን ጊዜ ኮልፌ የታክሲ ረዳት የሚጮኽበት፣ ቤት ከቤት የተደራረበበት ሰፈር አልነበረም። ባሕር ዛፍ፣ በመካከሉ እዚህም እዚያም የሣር ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ማሳ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ በመስከረም፣ ጠዋት ጠዋት ከደብራችን ጓሮ የልጆች ንባብ ይሰማ ነበር። አንዱ ሀ ሁ ይላል፣ ሌላው አቡጊዳ፣ ሌላው ንባብ፣ ሁሉም የየራሱን በየራሱ ዜማ ይጮኻል። ለማያውቅ ሰው ጠብ የተነሣ ነበር የሚመስለው። መምህራችን የኔታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የሳተውን ለይተው «አንቺ ከግድግዳው ሥር ያለሽው፣ ተመለሺ!» ይሉ ነበር። ከሴት ልጅ ጥቂት ነበርን፤ እኔም፣ ትዕቢት አይሁንብኝና፣ ከጎበዞቹ ነበርኩ። ድምፄ በሌሎቹ ድምፅ ተሸፍኖ ሲሄድ ማንም ስለማያየኝ፣ ንባቡ ሳላስበው ከአፌ ይፈስስ ነበር።

በጥር ግን ጣሊያኖቹ ከመንገዱ ማዶ ኬላ ሠሩ። አንድ ቀን ወታደሮች ከአስተርጓሚ ጋር ወደ ጓሯችን ገብተው «ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን እያደመ ነው?» ብለው ጠየቁ።

የኔታም «ሕፃናት ፊደል እየቆጠሩ ነው በላቸው» አሉት አስተርጓሚውን።

«ታዲያ ምን ያስጮኻቸዋል?»

«ፊደል ሲቆጠር ይጮኻላ! አንተስ ስትማር ዝም ብለህ ነው?»

አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመው እግዚአብሔር ይወቅ። ወታደሮቹ ግን የኔታን በማስተማር የሚረዳውን ዲያቆን ይዘውት ሄዱ፣ ከቀናት በኋላም ፊቱ አባብጦ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ንባብ በለሆሳስ ሆነ። ያ ሁሉ ልጅ ከንፈሩን ብቻ እያነቃነቀ ይቀመጥ ጀመር፤ የኔታም ተራ በተራ እየጠሩ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡን ነበር። የእኔ ነገር ያን ጊዜ ተበላሸ። ጸጥታው ውስጥ የራሴን ድምፅ ብቻዬን ስሰማው የሌላ ሰው ይመስለኝና እደነግጣለሁ፣ ምላሴ ይደርቃል፣ የማውቀው ፊደል ከዓይኔ ሥር ይጠፋል።

አባቴ ከአርበኞች ጋር ከወጣ ወዲህ የምንኖረው ከእናቴ አባት፣ ከአባባ ጋር ነበር። አባባ በኬላው ፊት እየተመላለስኩ መማሬ እንቅልፍ ይነሣቸው ነበርና፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ «ይብቃት» አሉ። እናቴ ለመነቻቸው፤ የኔታም ስለ እኔ አማለዱ። በመጨረሻ አባባ ጋቢያቸውን አጣፍተው ፈረዱ፦ «እንግዲያው ክረምት ሳይገባ በሽማግሌ ፊት ታንብብ። ካነበበች ትቀጥል። ካላነበበች እናቷ ጎን ትቀመጥ። አለቀ።»

ያንን ጾም ያሳለፍኩት ሆዴን ይዤ ነው። ሹሮው አይወርድልኝም፤ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል። ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ፣ ሆዷ ሩኅሩኅ አፏ ግን ፈጣን የሆነች ሴት፣ በየቀኑ አዲስ መድኃኒት ይዛ ትመጣ ነበር።

«ጤናዳም አሸትቻት።»

«አሸትቻታለሁ።»

«እንግዲያው አብሾ ይሰጣት። የእኛ አገር አንድ ልጅ አብሾ ጠጥቶ የሰማውን ሁሉ አይረሳም ነበር።»

«አሁን የት ነው ያለው?» አለች እናቴ።

እትዬ ጫልቱ ትንሽ አሰበችና «ዱር ለዱር ይዞራል» አለች።

«በይ ተዪኝ እባክሽ! የእኔ ልጅ ረስታ ጤነኛ ትሁንልኝ።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን አንድ ቀን ማገዶ ስንለቅም ነጠላዋን አንጥፋ አስቀመጠችኝና «ፈርተሻል አይደል?» አለችኝ። አልፈራሁም አልኩ። «እኔ ግን እፈራለሁ። አባትሽ ከሄደ ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሊይዙን መጡ እላለሁ። ከፈራሁ በኋላ ግን ተነሥቼ በሩን እከፍታለሁ። ፍርሃቱም በሩም አብረው ይሆናሉ» አለችኝ። ከዚያ በፊት ትልቅ ሰው ይፈራል ብዬ አላውቅም ነበር። ያን ማታ እራቴን በላሁ።

የሕማማት ሳምንት ሊገባ ሲል እናቴና እትዬ ጫልቱ ለፋሲካው በርበሬ ይወቅጡ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሙቀጫ፣ የአንዷ ዘነዘና ሲነሣ የሌላዋ እየወረደ፣ ያስነጥሳቸዋል፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ከየኔታ በውሰት ያመጣሁትን የጸሎት መጽሐፍ ይዤ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም፤ እናቴ ድንገት ዘነዘናዋን አየር ላይ አቁማ ስታየኝ ነው ጮክ ብዬ እያነበብኩ እንደነበር የገባኝ። ወዲያው ዝም አልኩ። እናቴ ወቀጠች፤ አነበብኩ። አቆመች፤ ቆምኩ። እንደገና ወቀጠች።

«ወይኔ ልጄ!» አለች እናቴ፣ «አንቺ ንባቡን አይደለም የምትፈሪው፣ ጸጥታውን ነው!»

«በይ እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ፊት ሙቀጫ ተሸክመን እንሂድ» አለች እትዬ ጫልቱ፣ በርበሬ ያቃጠለውን ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች።

እናቴ ግን ሌላ መላ ያዘች። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰሞን በሙቀጫው አነበብኩ፤ ቀጥሎ ሙቀጫውን ትታ ዱቄት እየነፋች፣ በወንፊቱ ሽው ሽው አስነበበችኝ፤ ግንቦት ሲጠባ ደግሞ እየፈተለች፣ ከእንዝርቷ ድምፅ በቀር ምንም በሌለበት አነበብኩ። ድምፁን በየጊዜው ስትቀንስብኝ ለእኔ አትነግረኝም ነበር። እትዬ ጫልቱ አገጯ ላይ ባዘቶ ለጥፋ፣ ማማሰያ እንደ መቋሚያ ተደግፋ፣ የኔታን ሆና «አንቺ ከግድግዳው ሥር ያለሽው!» ስትለኝ በሣቅ እንፈርሳለን። አባባ ሲገቡ ባዘቶዋን ለመደበቅ ስትሯሯጥ አንዴ አፏ ገብቶ ልታነቅ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና ልትፈትልልኝ ነበር፤ ለካ እሷም እኔም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር፦ የኔታ የቆረጡት ዕለት የእመቤታችን በዓል ሆኖ ዋለ፤ በበዓል ደግሞ አይፈተልም፣ ያውም በደብር ቅጽር ውስጥ! በሽማግሌዎቹ ፊት፣ በጽዱ ጥላ፣ መጽሐፉ አትሮንሱ ላይ ተዘርግቶ ስቆም፣ ዞር ብዬ እናቴን ፈለግኋት። ከሴቶቹ መካከል ባዶ እጇን ቆማለች። ጣቶቿ ግን እንዝርት እንደያዘ ሰው ይሽከረከሩ ነበር፣ ያለ ድምፅ።

ልጆቹን የኔታ ከአጥሩ ውጭ አስወጥተዋቸዋል። በዚያ ላይ ከመንገዱ አንድ የጣሊያን ካሚዮን ሲያጓራ መጥቶ ኬላው ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። እንዲያ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ፊደሉ ከዓይኔ ሥር ጠፋ። አባባ አንገታቸውን ሲያቀረቅሩ አየኋቸው፤ አዝነውልኝ ነበር፣ እሱ ይበልጥ አስፈራኝ። አለቀ አልኩ በልቤ፤ ከእንግዲህ እናቴ ጎን ነው።

ይሄኔ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ «ሀ... ሁ... ሂ...» አለ። ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። የኔታ መቋሚያቸውን ዝም ለማሰኘት አነሡ። ከዚያ ሌላ ድምፅ ተጨመረ፣ ሌላም፣ አቡጊዳው፣ ንባቡ፤ ያ ከጥር ጀምሮ የታፈነ ጫጫታ ሁሉ በአንድ ጊዜ አጥሩን ዘልሎ ገባ። የኔታ የእኔን ፊት አዩ፤ መቋሚያቸውን ቀስ አድርገው መሬት አስነኩት።

አነበብኩ። ገጹን ገልጬ ወደ ቀጣዩ ስሻገር የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ስጨርስ ነው ልጆቹ ሁሉ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሳላውቅ ዝም ብለው እንደነበር የገባኝ። ብቻዬን ነበር የማነበው። ካሚዮኑም ሄዷል።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ። «መልካም» አሉ፣ «እንግዲህ በኬላው በኩል እኔ ራሴ አደርሳታለሁ።» ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ እንዳሉትም ዘንጋቸውን ይዘው፣ ኬላው ፊት ስንደርስ ሆን ብለው ቀስ እያሉ፣ ጠዋት ጠዋት ያደርሱኝ ነበር። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ።

የኔታ በማግሥቱ «ትእዛዝ የሻረው ማነው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ማንም አልመለሰም። «እንግዲያው እኔም አልሰማሁም» ብለው ተዉት። እኔም ቅጣት እንዳላመጣበት ፈርቼ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ከዚያ ነፃነት መጣ፣ ተዳርኩ፣ ባሌንም ተከትዬ በባቡር ወደዚህ ወደ ድሬዳዋ መጣሁ።

ማህሌት የፈተናው ቀን ገና ሳይቆረጥ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ ተዘግቶባት፣ አጎቷ በእግሩ ጣት እየሄደባት፣ ሁላችን በሹክሹክታ እያወራንባት ነበር የሰነበተችው። ለእሷ ብለን ነበር። ያን ዕለት ግን መነጽሬን አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩና ጸሎቴን ጮክ ብዬ ማድረስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ገረመመችኝ። ቆይታ የራሷን መጽሐፍ ገለጠች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅም አወጣች። እኔ ውሃ ልጠጣ ዝም ስል ቀና ብላ «እማማ፣ ምነው አቆሙ?» አለችኝ። ዛሬ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ የሚል ኬላ የለባትም፤ ፍርሃቷ ግን የእኔው ነው፣ መድኃኒቱም የዚያው የኮልፌ ይመስለኛል።

እንግዲህ በዚያ ዕለት ከአጥሩ ማዶ የነበራችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ከእጃችሁ ቢገባ፣ መጀመሪያ «ሀ» ያለው ማን እንደነበረ ንገሩኝ። ይህን ሁሉ ዘመን በጸሎቴ የማስበው «ያ ልጅ» እያልኩ ነው። በሕይወት ካለም፣ ካለፈም፣ የክርስትና ስሙን ብቻ ላኩልኝ።