ክሩ ከተበጠሰበት

አባቴ አቃቂ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። የማሽኖቹ ጩኸት ጆሮውን ስለጎዳው በስልክ የሚያወራውን ሰው አይሰማም። እሱ የሚለውን ጮክ ብሎ ይልና ይዘጋዋል።

ያን ዓመት በየቀኑ ማለት ይቻላል ይደውልልኝ ነበር። ምክንያቱ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቡፌው አጠገብ ያስቀመጥኳት ኮምፒውተር ናት። ቀን ቀን ሳሪስ ቢሮ እሠራለሁ። በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ በየአገሩ ካሉ፣ በአካል አይቻቸው ከማላውቅ ጥቂት ሰዎች ጋር ሆኜ የፕሮቲኖችን ቅርጽ እያነጻጸረ የሚመሳሰሉትን የሚለይ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ አውርዶ ይጠቀምበታል፣ የቻለ ያሻሽለዋል።

የቸገረኝ መሞከሪያው ነበር። ሌሎቹ የዩኒቨርሲቲዎቻቸው ትልልቅ ኮምፒውተሮች አሏቸው። እኔ ያለችኝ ካገለገሉ ዕቃዎች የገጣጠምኳት ይህቺው አንዷ ናት፤ አንድ ሙከራ ለመጨረስ አራት ቀን ሙሉ ሳታቋርጥ መሥራት አለባት። መብራት ሲሄድ የሚይዛት ባትሪ ገጥሜላት ነበር፤ እሱም ከሃያ ደቂቃ አያልፍም። እኔ ቢሮ ሆኜ ስልኬ ይጠራል። «መብራት ሄደ!» ይላል አባቴ። «እሺ አባዬ» ሳልል ዘግቶታል። ብዙ ጊዜ መብራቱ ቶሎ ይመለስና እንተርፋለን።

አንድ ሐሙስ ሙከራው ሊያልቅ ግማሽ ቀን ሲቀረው ደወለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ልጄ፣ ባትሪውም አለቀ። ጠፋች።»

ታክሲ ተጋፍቼ ቤት ስደርስ በርጩማ ስቦ ኮምፒውተሯ አጠገብ ተቀምጧል። እንባዬን እንዳያይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። አየኝ።

«ስንት ቀን ቀረሽ?»

ወደሚሻለው ጆሮው ጠጋ ብዬ «አራት» አልኩት።

«ጠዋት ግማሽ ቀን አላልሽም?»

«ከመጀመሪያው ነው የምትጀምረው፣ አባዬ። እስካሁን የሠራችው ሁሉ ጠፍቷል።»

ግራ ገባው። «ምን ማለት ነው? እኛ ዘንድ ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ይቆማል። ሠራተኛዋ መጥታ ትቋጥረውና ከቆመበት ይቀጥላል። ለአንድ ክር ተብሎ ጨርቁ እንደ አዲስ ይጀመራል እንዴ?»

«ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ አያስታውስም።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኛው ነን።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «እንግዲያው እንዲያስታውስ አድርጊዋ፣ የኔ እናት» አለኝ።

ከእንባዬ ጋር ሳቄ መጣ። ለባልደረቦቼ ሥራው በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚያልቅላቸው ነገሩ አሳስቧቸው አያውቅም። እኔም የእነሱን መንገድ ተከትዬ ዝም ብያለሁ። በማግስቱ ጀምሬ ፕሮግራሙ በየአሥር ደቂቃው የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ፣ ሲነሳም ከዚያ እንዲቀጥል አድርጌ ጻፍኩት።

ዝግጁ ሲሆን ባትሪውን ፈታሁና አባቴን ገመዱን ንቀለው አልኩት። ሶኬቱን ይዞ ቆመ።

«እውነት ልንቀለው?»

«ንቀለው።»

ዓይኑን ጨፍኖ ነቀለው። መልሰን ስንሰካው ስክሪኑ ላይ ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳየው ቁጥር ካቆመበት አካባቢ መቁጠሩን ቀጠለ። አባቴ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አነበበው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ግንባሬን ሳመኝ።

የጻፍኩትን ለባልደረቦቼ ላክሁ፤ ከጥቂት እርማት በኋላ ተቀበሉት። ከወራት በኋላ ሌላ የአፍሪካ አገር ውስጥ የከብት በሽታ ከሚያጠና ሰው ደብዳቤ ደረሰኝ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንደሚሠራ፣ እነሱም ጋ መብራት እንደሚጠፋና አሁን ሥራውን መጨረስ እንደቻለ ጽፏል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ለአባቴ አነበብኩለት።

«ልጆች አሉት?» አለኝ።

«እኔ እንጃ፣ አባዬ።»

«ጠይቂዋ። አባቴ ሰላም ብሎሃል በይልኝ።»

እንዳለኝ ጻፍኩ። መልሱ ሲመጣ ሰውየው ሁለት ሴት ልጆች እንዳሉት ነግሮን ለአባቴ ሰላምታ ልኳል። አባቴ ደስ አለው፤ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። የልጆቹን ስም ሳልጠይቅ መቅረቴን ግን አልወደደውም።