እናቴ ኦቨርሎክ የለመደችባቸው ሦስት ቀናት

የስፌት መኪና ዘይት ሲሞቅ የሚሰጠው ሽታ ዛሬም በልብስ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ ድንገት ያገኘኝና፣ ሮም ውስጥ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ጀርባ ወደነበረ ምድር ቤት፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ እናቴ አጠገብ ወደተቀመጥኩበት ጊዜ ይመልሰኛል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አባቴ ተፈራ አዲስ አበባ ታስሮ ቀርቶ፣ እኔና እናቴ ሮም ከገባን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። እናቴ አገር ቤት አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ ግን አንዲት አሮጊት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ቅጠል በሚረግፍበት ወር አሮጊቷ ሞቱና ቤቱ ተዘጋ፤ ሶጆርኖዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ የሚታደሰው ደግሞ የአሠሪ ወረቀት ሲኖራት ብቻ ነበር።

ብርዱ ሲገባ፣ ቤታቸውን ያካፈሉን እትዬ አስካለ ለዓመታት በሠሩበት ልብስ መስፊያ ቤት ለምነው ቦታ አገኙላት። የመስፊያ ቤቱ ባለቤት፣ ጣልያናዊቷ ሲኞራ፣ «አሎራ፣ እንግዲህ፣ ቅዳሜ እስከ ምሳ ድረስ ኦቨርሎኩ ላይ ክር ብቻዋን አስገብታ ከሰፋች እፈርምላታለሁ፤ ካልቻለች ሌላ ሰው አለኝ» አለቻቸው። ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ኦቨርሎክ የጨርቅ ጠርዝ እየቆረጠ የሚዘመዝም መኪና ነው፤ ካሉት አራት ክሮች ሁለቱ በመርፌዎቹ፣ ሁለቱ ከሥር በተደበቁ ቆልማማ ብረቶች ያልፋሉ። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስደርስ፣ እናቴ አጎንብሳ ክሩን በምራቋ እያሾለች ታስገባ ነበር፤ ፔዳሉን ስትረግጠው ግን መኪናው ሦስት አራቴ ወጋ ወጋ ያደርግና ክሩ ይበጠሳል፣ የተበጠሰውን ብቻ መልሳ ስታስገባ እንደገና ይበጠሳል። «ይሄ ካልሆነ ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም ልጄ» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

የዚያን ዕለት አመሻሽ፣ እትዬ አስካለ ከወንድማቸው የመጣ ደብዳቤ እንዳነብላቸው ወደ ኩሽና ጠሩኝ፤ ማንበብ ስለማይችሉ ሁልጊዜ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ወንድማቸው ለአባቴ ወህኒ ቤት ስንቅ ያመላልሱ ነበር። ስለ ዘመድና ስለ ዝናብ ካነበብኩ በኋላ፣ ከታች እንዲህ የሚል ነበር፦ «ለተፈራ የምንወስደው ስንቅ ከእንግዲህ አያስፈልግም ተብሎ ተመለሰ፤ ልብሱንም ሰጡን።»

«አባባ ተፈታ ማለት ነው?» አልኳቸው።

እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጭነው አዩኝ። ያኔ ገባኝ። ልጮህ ስል አቅፈው አፌን በመዳፋቸው ያዙና፣ «ዛሬ ብናረዳት ነገ አትነሳም፣ ቅዳሜም ያልፋታል፣ ከዚህ አገር ያስወጧችኋል። እስከ ቅዳሜ ቻይው፣ እናቴ» አሉኝ። እንባቸው አንገቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ቻልኩት። ሐሙስና ዓርብ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ የመኪናውን መመሪያ ከጣልያንኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ስሕተቷን ያገኘነው ዓርብ ነው፤ የሥሩ ክር ሲበጠስ የመርፌዎቹንም ክር አውጥቶ፣ መጀመሪያ በላይኛው ቆልማማ ብረት፣ ቀጥሎ በታችኛው፣ በመርፌዎቹ ደግሞ በመጨረሻ ማስገባት ያስፈልግ ነበር። እንደዚያ ስታደርግ ክሩ አልተበጠሰም፤ ጠርዙ ተጎንጉኖ ወጣ። እናቴ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችና፣ «አባትሽ ሲመጣ ሸሚዙን የምሰፋለት እኔ ነኝ» አለች። እኔ መመሪያው ላይ አቀረቀርኩ፣ ፊደሉ ግን አይታየኝም ነበር።

ቅዳሜ ሲኞራዋ ፈረመችላት። እሑድ ማለዳ እትዬ አስካለና የአገራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ፣ እናቴ ገና ከአልጋዋ አልወረደችም ነበር። የዚያን ቀን ለቅሶዋን መጻፍ አልችልም። ከሳምንት በኋላ፣ «አውቀሽ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ እማዬ» አልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ፀጉሬን መሥራት ተወች፣ እኔም እንደሆነልኝ አስሬው ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ፣ ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ፣ አንድ ጠዋት ማበጠሪያውን ከእጄ ወስዳ ከጉልበቷ ሥር አስቀመጠችኝ። ስለዚያ ነገር ግን እስክትሞት ድረስ አላነሳችም።

ዛሬ ሞት በስልክ ወዲያው ይደርሳል፤ የአክስቴን ዕረፍት የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው፣ ማንም አልደበቀኝም፣ ደግፎ የያዘኝም ሰው አልነበረም። እናቴን ያን እሑድ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ይዟት ነበር። የቱ እንደሚሻል አላውቅም። የእኔም ልጅ ዘንድሮ ዐሥር ዓመት ሞላት፤ ስታጠና ከጎኗ ሆኜ እያየኋት፣ እንዲያ ያለ ነገር ሦስት ቀን ይቅርና ለአንድ ሰዓትም እንድትይዝልኝ እንደማልጠይቃት አውቃለሁ።