ሦስት ጊዜ ካልተለመንኩ

ቫዮሊኑ የልጄ ነበር። ሦስት ዓመት ተምራበት፣ ቅርጫት ኳስ ይሻለኛል ብላ አልጋ ሥር ከተተችው። እኔ ደግሞ ዕቃ ያለ ሥራ ተጋድሞ ሳይ ደሜ ይፈላል። ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ሕንጻ፣ ምድር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ስኮትላንዳዊት ቅዳሜ ቅዳሜ የአገራቸውን የቫዮሊን ጨዋታ በነጻ እንደሚያስተምሩ ሊፍት ውስጥ ተለጥፎ አነበብኩ። አንድ ቀን ሣጥኑን አንጠልጥዬ ወረድኩ። «ልጅሽስ የታለች?» አሉኝ። «ተማሪዋ እኔ ነኝ» አልኳቸው። አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ሁለት ዓመት ተማርኩ። እሳቸው ቫዮሊን አይሉትም፤ ፊድል ነው የሚሉት። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ነው፤ ድንች ስልጥ እግሬ ምት መምታት ጀመረ። አንድ ነገር ግን አላደረግኩም፤ ብቻዬን ተጫውቼላቸው አላውቅም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁልጊዜ «ብቻዋን የምትጫወትልን ማን ናት?» ብለው ወደ እኔ ያያሉ። እኔ «አይ፣ እኔ ይለፈኝ» እላለሁ። እሳቸው «እሺ» ብለው ወደ ሌላው ይዞራሉ። አኩርፌ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ እወጣለሁ። ሰው እንዴት አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ ይተዋል?

በሁለተኛው ዓመት፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ቤታቸውን ለቀው ቫንኩቨር ልጃቸው ጋ ሊኖሩ መሆናቸውን ነገሩን። ከዚያ በፊት ግን ሐምሌ ላይ ስካርቦሮ ውስጥ እያደሩ የሚማሩበት የሙዚቃ ካምፕ እንዳለ፣ እሳቸውም እዚያ እንደሚያስተምሩ አወሩን። የዚያኑ ዕለት ተመዘገብኩ። ከካምፑ ሳልወጣ ብቻዬን እጫወትላቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ቀስት አያያዝ ያስተማሩኝ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይሰሙኝ ቢሄዱ ለእኔ ትልቅ ነውር ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ለአንዲት እህት የአንድ ሳምንት ካምፕ እንደምሄድ ስነግራት፣ «ሪትሪት ነው? ማን ሰባኪ መጣ?» አለችኝ። የቫዮሊን ነው ስላት «እንጸልይልሻለን» አለች።

ካምፕ ሲባል ድንኳን መስሎኝ የትንኝ መከላከያ ሁለት ጠርሙስ ይዤ ነበር። ሦስት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጬ ስደርስ፣ ለካ ተማሪዎች ለዕረፍት የለቀቁት የኮሌጅ ማደሪያ ኖሯል። ጠባብ አልጋ፣ ጠባብ ጠረጴዛ፣ ኮሪደሩ ሁሉ ፊድል። ሻወር ቤት ሳይቀር የሚለማመድ ሰው አገኘሁ። በትንኝ መከላከያዬ በራሴ ሳቅኩ፤ ደግሞም ማንም ሰው እራት ሥሪ አላለኝም ብዬ ደስ አለኝ።

የጀማሪዎቹ አስተማሪ ወጣት ነው። መጀመሪያ ቀን ደብተሬን ከፍቼ እስክሪብቶ ሳዘጋጅ፣ «ዝጊው፣ እዚህ ወረቀት የለም» አለኝ። እሱ አንድ ቁራጭ ይጫወታል፣ እኛ እንመልስለታለን፤ ቀጣዩን ይጨምራል፣ እንመልሳለን። ሌሎቹ ጭንቅላታቸውን ያዙ። እኔ ግን አገሬ የገባሁ መሰለኝ፤ መዝሙርን ማን በወረቀት ተማረ? ደግሞ ብዙዎቹ ዜማዎች እንደ እኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ላይ ነው የሚመላለሱት፤ ጣቶቼ መንገዱን ያውቁታል።

ያንገላታኝ ስትራስፔይ የሚሉት ቀስ ያለ የጭፈራ ዜማ ነው። አጭሩ ድምፅ ቀድሞ ዘሎ ረጅሙ ይከተለዋል፤ ደረጃ ሲወርድ አንዱን እርከን እንደሳተ ሰው ነው። እኔ ደግሞ እኩል እኩል አድርጌ አስተካክለዋለሁ። «አታስተካክይው!» ይለኛል ወጣቱ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዝርክርክ ሳስተካክል ለኖርኩት ሴትዮ! ረቡዕ ተናድጄ ትከሻዬን ለቀቅ ሳደርገው ገባልኝ። ትከሻ እንኳ ለእኛ አስተማሪ አያስፈልገውም። ወጣቱ ቆሞ አጨበጨበልኝና ቀኑን ሙሉ እንደ ሙሽራ ስዞር ዋልኩ።

ሁሉም ነገር የሚለካው ግን ከእራት በኋላ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳሩ ላይ ወንበር በክብ ይደረደራል። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው ዜማውን አንድ ዙር ብቻውን ይጫወታል፣ በሁለተኛው ዙር ሁሉም ይገባበታል። ከዚያ ተራው ወደ ጎን ያልፋል።

በመጀመሪያው ምሽት ተራው ሲደርሰኝ ጣቶቼ ሊፈነዱ ደርሰዋል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እንደ ጨዋ ልጅ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «አይ፣ እኔ ይቅርብኝ፣ እናንተ ተጫወቱ» አልኩ። ቃሌን ሳልጨርስ አጠገቤ ያለው ባለ ጢም ሰውዬ ጀመረ! በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ማለት ነው። ሁለተኛው ሳሳ ይላል። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ሲባል ሰው ይነሣል። እነዚህ በሞቴ የሚል የላቸውም። ቀስቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ሲጫወቱ እያየሁ ተቃጠልኩ።

ለልጄ ደወልኩላት።

«ማሚ፣ ኖ አልሽ አይደል? ሪስፔክት አደረጉሽ እኮ!»

«ሪስፔክት አይደለም፣ ንቀት ነው!»

«ነገ ጀስት የስ በይ።»

«ገና ሳይለመን ዘሎ የስ የሚል ስድ ነው!»

«ኦኬ ማሚ፣ እንግዲህ ሲት ዴር» ብላ እየሳቀች ዘጋችው።

ማክሰኞ ሰው እንዲለምነኝ ብዬ «አይ» ካልኩ በኋላ ቆም ብዬ ፈገግ አልኩ። እነሱም ፈገግ ብለው አለፉኝ። ረቡዕ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ ሳይበርድልኝ፣ ተራው ሲቀርብ ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁ። ሐሙስ ዕለት እሺ ልል አፌን ከፍቼ የወጣው አሁንም አይ ነው። የእናቴ አስተዳደግ ከእኔ ይበረታል።

ዓርብ የመጨረሻው ምሽት ነው። ስኮትላንዳዊቷ አስተማሪዬ ሳምንቱን ሙሉ ከነባሮቹ ጋር ስለነበሩ ርቀው ነበር የሚቀመጡት። ያን ዕለት ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ተራው ደረሰኝ። «ትጫወቻለሽ?» አሉኝ። ልቤ አዎ እያለ አፌ ቀደመው፤ «አይ፣ እርስዎ ይጫወቱ።»

«እሺ» ብለው ፊድላቸውን ወደ አገጫቸው አነሡ።

ይኸኔ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ሃያ ሰው ባለበት፣ «ለምንድን ነው የማይለምኑኝ?» ብዬ ጮህኩ።

አንዴ ከአፌ አምልጧል፤ ባለችኝ እንግሊዝኛ አስረዳሁ። እኛ አገር ሰው ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፣ የመጀመሪያው እምቢታ ከአንገት በላይ ነው፣ አምስት ቀን ሙሉ መጫወት እየፈለግኩ ነው የቀረሁት አልኩ። ባለ ጢሙ ሰውዬ «አምስት ቀን!» ብሎ ራሱን ያዘ።

አስተማሪዬ ፊድሉን ከአገጫቸው አወረዱ። ሳቅ የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም። «እኛ ቤት እምቢ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ነውር ነበር» አሉ። «እናቴ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምላሴን ነክሼ ነው የተውኩሽ።»

ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀመጡና በወግ፣ «እባክሽ ትጫወቺልናለሽ?» አሉ።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። ይኼ ሁለተኛው ነዋ፤ ደንብ ደንብ ነው። ክቡ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሦስተኛውን ሁሉም ባንድ ድምፅ ጮኹት፤ ባለ ጢሙማ ወንበሩ ላይ ቆሞ ነው።

«እሺ» አልኩ።

ያን ደረጃ የሚስተውን ስትራስፔይ ጀመርኩ። አንድ ቦታ ሳትኩ፣ ትከሻዬ መለሰኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሁሉም ሊገቡ ቀስታቸውን ሲያነሡ፣ አስተማሪዬ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሏቸው። ሥርዓቱ እንዲህ አልነበረም፤ ማንም ግን አልተከራከረም። እስከ መጨረሻው ብቻዬን ተጫወትኩት። እሳቸው ፊድላቸውን ታቅፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

ስጨርስ ሁሉም ሲያጨበጭቡ እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እኔኮ» አሉኝ፣ «ለእኔ መጫወት የማትፈልጊ፣ ማስተማሬ ደስ የማይልሽ ይመስለኝ ነበር። ለዚህም ጭምር ነበር ደግሜ ያልጠየቅኩሽ።»

ደነገጥኩ። እኔ በጨዋነቴ ስኮራ፣ ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅስማቸውን ስሰብር ኖሬያለሁ። እንባዬ መጣ። ተራው የባለ ጢሙ ሰውዬ ነበር፤ ቀስቱንም አንሥቶ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ሌላ ዜማ ጀመርኩላቸው።